ወለንጪቲ የወጣችልኝ ቀን

እናቴ ሎተሪ የሚባል ነገር በደጃችን እንዲያልፍ አትወድም ነበር። አዟሪው በድምፅ ማጉያው «ዛሬ የሚወጣ፣ ዛሬ የሚወጣ» እያለ ወደ ሰፈራችን ሲገባ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትነሳና በሩን ትዘጋለች። አዳማ ላይ በቀትር በር መዝጋት ቀልድ አይደለም፤ ቤቱ ወዲያው ይታፈናል። ሰውየው አልፎ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ላባችንን እየጠረግን እንቀመጥና መልሳ ትከፍተዋለች። አንድም ቀን ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም። እያወቅሁት አደግሁ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጅቡቲ መስመር ይሠራል፣ በየማደሪያው ካርታ ይጫወታል። እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ እናቴ አንድ እሁድ ከቸርች ስትመለስ የስፌት መኪናዋ በቦታው የለም። አባቴ አስይዞት ተበልቷል። በሳምንቱ ደግሞ ከበፊቱ የተሻለ አዲስ መኪና በጋሪ አስጭኖ መጣና «ይኸው፣ ዕድል ፊቷን ወደኛ መለሰች» አላት። እናቴ ያንን መኪና በእጇ አልነካችውም። የራሷን እስክትገዛ ድረስ ጎረቤት እየሄደች በተውሶ ሰፋች። አዲሱ መኪና አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሞ ከረመ። አባቴ መተሐራ አጠገብ በመኪና አደጋ ሲሞት መጀመሪያ የሸጠችው እሱን ነው።

እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለ ቤት አድጌ፣ በሁሉም ነገር የሚወራረድ ሰው ወደድሁ።

የተገናኘነው የጤና ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሁለታችንም የተማርነው አዋላጅ ነርስነት ነበር። እሱ የመቂ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ። ክፍላችን ውስጥ ወንዶቹ ጥቂት ስለነበሩ ሌሎቹ ተማሪዎች ይቀልዱባቸዋል። «ወንድ ሆነህ ምን ልታዋልድ ነው?» ሲሉት አይናደድም። «የሞላሁት ፋርማሲ ነበር፤ የደረሰኝ ይሄ ነው። የደረሰኝን አስቀይሩልኝ ብዬ ቢሮ ለቢሮ የምዞር ሰው አይደለሁም» ይላቸው ነበር። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

ከተማው ሁሉ ለሱ መወራረጃ ነው። ከቆሙት ባጃጆች መጀመሪያ ሰው የሚሞላው የትኛው እንደሆነ፣ መምህራችን ዛሬም ያችኑ ቡናማ ጃኬት ለብሰው ይመጡ እንደሆነ፣ የከሰዓት ንፋስ የካፌውን ጃንጥላ ይገለብጠው እንደሆነ። በገንዘብ ግን አይወራረድም፤ በማኪያቶ ብቻ። መጀመሪያ ቀን «ወይ ተወራረጂኝ» ሲለኝ፣ «እኛ ቤት ውርርድ ኃጢአት ነው» አልሁት።

«እሺ፣ አንቺ አትወራረጂ። ብቻዬን እወራረዳለሁ። ከተበላሁ ማኪያቶ እገዛልሻለሁ።»

«ከበላህስ?»

«ከበላሁም እገዛልሻለሁ።»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቤት ይዤው ስመጣ እናቴ በመጀመሪያ የጠየቀችው ካርታ ይጫወት እንደሆነ ነበር። «አልጫወትም፣ እማማ። እንዴት እንደሚያዝም አላውቅም» አላት። ካርታን በሚመለከት እውነቱን ነበር። ወደደችው። በመጣ ቁጥር ስለ መቂ ሽንኩርት ትጠይቀዋለች፣ እሱም አባቱ ዝናቡንና ገበያውን እንዴት እንደሚያማርሩ እያስመሰለ ያስቃታል። እናቴ ስትስቅ የምትታየው ከስንት አንዴ ስለነበር፣ እየሳቀች ሳያት አንድ ቀን ሦስታችን አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር ይታየኝ ጀመር።

ስንመረቅ ምድባችን በዕጣ እንደሚወጣ ተነገረን። የትም ሊሆን ይችላል፤ ከአዳማ ጓሮ ጀምሮ እስከ ኬንያ ድንበር። እናቴ ጾም ያዘች። «እማዬ፣ ሎተሪ ኃጢአት ከሆነ ይሄስ?» ብዬ ላሾፍባት ሞከርሁ።

«ይሄ ሌላ ነው» አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል። የመዘምራን ልብስ እየሰፋች ነበር። «ሎተሪ ሰው ያልሠራበትን ሲመኝ ነው። ዕጣ ግን ሰው መምረጥ ሲያቅተው ለጌታ የሚተወው ነው።»

የዕጣው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። መድረኩ ላይ ጥቅልል ወረቀቶች የሞሉበት ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። ስሙ የተጠራ ወጥቶ እጅጌውን ይሰበስብና እጁን ከነጠላው ሥር ያስገባል። ያወጣውን ለኃላፊው ይሰጣል፤ ኃላፊው ያነብባል። አንዳንዱ ይጨፍራል፣ አንዳንዱ የሰማውን ሳያምን ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ያነብባል።

እሱ ከኔ በፊት ተጠራ። እጁን ሲያስገባ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «ቦረና» ሲባል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ውይ» አለ። እሱ ግን ሳቅ ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ወረደ።

እኔም ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ። ጸሎቴ ምን እንደነበር ዛሬም በትክክል አላውቅም። ከሱ ጋር አንድ ቦታ እንዲደርሰኝ መለመን ፈልጌ ነበር፤ ግን እናቴን ትቼ ቦረና እንድሄድ እንዴት አድርጌ ልለምን? ያገኘሁትን ወረቀት አንስቼ ሰጠሁ።

«ምሥራቅ ሸዋ፣ ቦሰት ወረዳ፣ ወለንጪቲ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ወለንጪቲ ማለት ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ማታ ቤቴ የምመለስበት ቦታ ነው። ከባልዲው ውስጥ ከሱ የተሻለ ዕጣ አልነበረም። ጓደኞቼ አቅፈው አነሱኝ። በትከሻቸው ላይ ፈለግሁት። ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው እሱ ነበር።

አንዲት የክፍላችን ልጅ፣ አግብታ በዚያው ሰሞን የወለደች፣ እሷም ቦረና ደረሳት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ከሰዓት ፊርማ እስኪጀመር ድረስ ሁለት ሰው ከተስማማ መቀያየር ይቻላል ተብሎ ነበር። ባሏ ሕፃኑን አቅፎ ውጭ ይጠብቃል። ወደኔ ስትመጣ ምን ልትለኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

«እኔ እህትሽ ነኝ» አለችኝ እጄን ይዛ። «አንቺ አላገባሽም። የምትወጂውም ሰው እዚያው ነው የደረሰው። ይሄ የእግዚአብሔር ሥራ አይመስልሽም?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ብያት ወጣሁ።

እሱ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«እናትሽስ?» አለኝ።

«እጠይቃታለሁ። አንተ ግን ምን ትላለህ?»

«እኔ ነይ አልልሽም።»

«ለምን?»

«ነይ ብዬሽ ብትመጪ፣ እናትሽ አንድ ነገር ብትሆን ዕድሜ ልክሽን ያንን ‹ነይ› ነው የምታስታውሺው።»

ተናደድሁ። «በባጃጅ ትወራረዳለህ፣ በጃንጥላ ትወራረዳለህ። በዚህ ጊዜ ነው ጥንቃቄ የያዘህ?»

«በአንቺ አልወራረድም» አለኝ። ይህንን ሲል አልሳቀም።

ባጃጅ ይዤ ቤት ሄድሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ወለንጪቲ» ስላት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳችና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አመሰገነች። ከዚያ «እሱስ?» አለች።

«ቦረና።»

«ልጁ መልካም ልጅ ነው» አለች። ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ የመዘምራኑን ልብስ አነሳች። በእጇ የሚሰፋ ጠርዝ ነበረው። መርፌና ክሩን ወደኔ ዘረጋችው። የስኳር ሕመሟ ዓይኗን መንካት ከጀመረ ወዲህ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። አስገብቼ ሰጠኋት። ተቀብላ መስፋት ጀመረች። ስትሰፋ ጨርቁን ወደ ፊቷ ምን ያህል እንደምታስጠጋው ያየሁት ያኔ ነው፤ ወይም አይቼው የማውቀውን ያኔ ነው ያስተዋልሁት። ስለ መቀያየሩ ሳልነግራት ወጣሁ።

አዳራሹ ስደርስ ያቺ ልጅ ባሏ ትከሻ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ በደስታ ነው። ባቱ ከተማ የደረሰው አንድ ያላገባ ልጅ «አገር አያለሁ» ብሎ ተቀይሮላታል። እኔም ፈረምሁ።

ወለንጪቲ ለሥራ ደግ አገር ሆነችልኝ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከነጋዴዎችና ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጣብቤ እሄዳለሁ። ከቀኝ በኩል የቦሰት ተራራ ይከተለናል። ጤና ጣቢያው ሙቀት የሚጋገርበት ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ የሚወለዱት ልጆች ግን ያንን ሙቀት እንደ ቤታቸው ይቀበሉታል። ማታ እናቴን እራት አበላና ስልኬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ። እሱ የሚሠራው ከያቤሎ ገባ ብሎ ስለሆነ፣ ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ ላይ መውጣት አለበት። ንፋሱ ድምፁን እየቆራረጠ ያመጣልኛል። የውኃ ጉድጓዶቹን ስም፣ የግመሎቹን ጠባይ፣ ዝናብ ሲጠፋ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል የማውቀው በዚያ በተቆራረጠ ድምፅ ነው። አንድም ቀን ረግጬው የማላውቀው አገር ነው፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ልሄድበት የምችል ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱት። ወንድ አዋላጅ ማን ያስገባዋል? ሴቶቹ በር ላይ ይመልሱታል። ከባሎች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ካስፈለገ የሚደረገውን በበሩ በኩል ለሚያዋልዱት አሮጊቶች ይነግራቸዋል። አንድ ቀን ሕፃኑ በእግሩ መጣ። ደሙ አልቆም አለ። በዕድሜ የገፉት አዋላጅ እናት በሩን ከፍተው አዩትና «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ» አሉት። ና ልጄ ማለታቸው ነው። ገባ። እናትየዋም ሕፃኑም ተረፉ። ይህንን ሲነግረኝ ደጃችን ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ለምን እዚያ አልነበርሁም ብዬ።

ዝውውርም የሚወጣው በዕጣ ነበር። በየዓመቱ ይመዘገባል፣ በየዓመቱ ለሌላ ሰው ይወጣል። እናቴ በጾሟ ትረዳን ነበር። እሱም «ዘንድሮ ሳይሆን አይቀርም» እያለ ከዓመት ዓመት አሻገረኝ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለ። «ወጣልኝ» አለኝ። «አዳማ።»

እልል አልሁ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ምን ተገኘ ብለው ወጡ። እሱ ግን የሌላ ሰው ዕድል እንደሚያወራ ነበር የሚናገረው። ደክሞታል ብዬ አለፍሁት። በዚያው ሳምንት ደላላ ይዤ ቤት መፈለግ ጀመርሁ። ከእናቴ ቤት የማይርቅ፣ ግቢው ውስጥ ፓፓያ ያለበት አንድ ክፍል አገኘሁ። አከራይዋ ቁልፉን ሰጥታኝ ብቻዬን ገባሁ። መስኮቱን ከፍቼ አልጋው የት እንደሚሆን፣ ወንበሩ የት እንደሚሆን አሰብሁ። እናቴን ጠዋት ከግቢው ጥላ ሥር አስቀምጬ ሥራ ስሄድ፣ እሱ ተረኛ ባልሆነ ቀን ከሷ ጋር ሲያወራ ታየኝ። ያንን ክፍል እስካሁን አልረሳሁትም። የኖርሁበት ቤት ይመስለኛል።

ከዚያ እንደገና ደወለና «ግማሽ መንገድ ልምጣ፣ ግማሽ መንገድ ነይ። ላንጋኖ እንገናኝ» አለኝ።

የሥራ ቀን ስለነበር ሐይቁ ዳር ሰው አልነበረም። እሱ ጠቁሯል፤ ቆዳው ወዝ አለው፤ አነጋገሩም ተለውጧል፤ አማርኛው መሐል የቦረና ቃል ይገባበታል። ዓሣ አዘን ቁጭ አልን። የላንጋኖ ውኃ ቀይ ነው፣ ያደፈ ይመስላል፤ እጅ ሲነክሩት ግን ይለሰልሳል። ዓሣው ሳይመጣ ጀመረ።

«ዝውውሩን ለሌላ ሰው ተውሁለት።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

«አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። አባቱ ኩላሊታቸው ታሞ አዳማ ነው የሚታከሙት። ኃላፊዎቹም ፈቀዱ።»

«አባቱ ባይታመሙስ ትመጣ ነበር?»

«አልመጣም ነበር መሰለኝ» አለ። «መጀመሪያ ስሄድ ከበር መለሱኝ። አሁን ልጅ ሊወለድ ሲል ፈረስ ጭነው ይመጡብኛል። ትቻቸው ብሄድ በኔ ቦታ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከበሩ ነው የሚጀምረው። ያ ሰው በሩ እስኪከፈትለት ድረስ ስንት እናት ይሞታል?»

«እኔስ?» አልሁት።

«አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ አልልሽም ያልሁትን ዛሬ እልሻለሁ። ነይ።»

ይህችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ወለንጪቲ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ እየተንገላታሁ ስንቴ በሱ ድምፅ ሰምቻታለሁ። ስትመጣ ግን ጊዜዋ አልፏል። የእናቴ ዓይን በዚያ ዓመት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

«እናመጣታለን» አለኝ። «እኔ እሸከማታለሁ።»

«አልጋዋን በእጇ ዳብሳ ነው የምታገኘው። በሩን፣ ውኃ መያዣውን፣ የቸርቹን መንገድ የምታውቀው በልምድ ነው። ከዚያ ቤት ባወጣት ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምትታወረው።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። እኔም አልለመንሁትም። ዓሣው መጣ፣ ጥቂት ቀመስን። ከሰዓት በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ አባቱ ስለ ቲማቲም ዋጋ የሚሉትን ሲያስመስል ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ማልቀስ መጣብኝ። ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። ብርድ ግን አልነበረም።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የሱ መኪና ወደ ሻሸመኔ፣ የኔ ወደ ባቱ ስለሆነ በሁለት ዳር መቆም ነበረብን። አቀፈኝና ተሻገረ። ከመሐላችን የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። አንዱ ሲያልፍ እሱ ይሰወራል፣ ካለፈ በኋላ እዚያው ቆሞ አገኘዋለሁ። ከዚያ አንድ ረጅም ተሳቢ አለፈ። ሲያልፍ ሚኒባስ ቆሞለት እየገባ ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ቀስ በቀስ ስልኩ እየራቀ ሄደ። ሊያገባ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ከሰው እንድሰማ አልፈለገም። ሴትየዋ የዚያው አገር ልጅ፣ አስተማሪ ነች። «ደስ ብሎኛል» አልሁት። ግማሹ እውነት ነበር። እኔን የጠየቁኝ አልጠፉም፤ አንዱ ጥሩ ሰው ነበር እንዲያውም። ልቤ እሺ አላለኝም፣ በቃ።

አሁን አዳማ ተዛውሬያለሁ። ከምሠራበት ሆስፒታል ፊት ለፊት የኳስ ውርርድ ቤት አለ። እኔ ዘንድ ለልምምድ መጥተው የነበሩ ልጆች ተመርቀው፣ ሥራ አጥተው እዚያ በር ላይ ስክሪን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። እንደኛ ጊዜ ባልዲ የለም፤ ምድብ የሚባል ነገርም ቀርቷል። አንዷን «ቦረና ቢደርስሽ ትሄጂ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «በእግሬ» አለችኝ።

እናቴ ከመሞቷ በፊት አንድ እሁድ ከቸርች ስመልሳት በመንገድ ላይ ቆም አለች። ያቺ ቦረና ደርሷት የነበረች የክፍሌ ልጅ እዚያ ቸርች ትመጣለች።

«የዕጣው ቀን መቀየር ይቻል ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ይቻል ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሂጂ ትይኛለሽ ብዬ።»

ክንዴን አጥብቃ ያዘችው። እንደያዘችኝ ቤታችን ደረስን። በሩን በእጇ ዳብሳ ካገኘች በኋላ፣ «እል ነበር» አለች።

እሱ ለቀብሯ አልደረሰም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። በማግስቱ ግን ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ልጅ አለቀሰላት። ሚስቱ አጠገቤ ተቀመጠች። ረጅም፣ ረጋ ያለች ሴት ነች። በኦሮምኛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ነገረችኝ። ዘንቧል፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል አለችኝ። ስለ ሌላ ነገር አላነሳችም፤ ግን የኔን እጅ ከእጇ አልለቀቀችውም።

ልጅቷ መንገዱ አድክሟት ኖሮ ጭኔ ላይ ወጥታ ተኛች። አንገቷ በላብ ርሷል፤ ከዕድሜዋ በላይ ትከብዳለች። እናትየዋ «እግርሽን አደነዘዘችሽ፣ ልውሰዳት» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ተያት» አልኋት። «ትንሽ ትተኛ።»